ስኩተሯ ዳገት ላይ ለምን ታቃስታለች?

ከዳንግላ ተነሥቶ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ እንጅባራ የሚወጣ መንገደኛ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከባዱ የጭነት መኪና ማርሹን እያወረደ፣ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ እያጓራ፣ ፈረሰኛውም በኮርቻው ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ሁሉም እንደየዐቅሙ ዳገቱን ይገፋዋል። ከእነዚህ መካከል አንዲት ትንሽ ስኩተር ሁለት ሰው ጭና፣ የነዳጅ መስጫዋ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ፣ ድምፅዋ ወፍሮና ታፍኖ፣ ደረቱን እንደ ያዘው ሰው እያቃሰተች ስትከተል ትታያለች። ነጂዋ ብዙውን ጊዜ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ተማሪ ነው። ማርሽ እንዳያወርድላት ማርሽ የላትም፤ ነዳጅ እንዳይጨምርላት የሚጨመር አልቀረም። ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛውም «ወርጄ በእግሬ ልሂድን?» እያለ ይቀልድበታል።

ነጂው እቤቱ ሲደርስ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፤ «ይህች ነገር ጉልበት የላትም» ይላል። አንዳንዱ ይሸጣታል፤ አንዳንዱም ሞተሩን አስፈትቶ ፒስተን ያስለውጣል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ፍርዱ ትክክል አይደለም ብሎ ያምናል። ጉልበቱ ብዙ ባይሆንም አለ። የጎደለው ጉልበቱን ከሞተሩ ወደ ጎማው የሚያደርሰው የቺንጋ ሥራ ከአገሩ ከፍታና ከዳገቱ ጋር አለመስማማቱ ነው። ይህንንም ለማስማማት የሚያስፈልገው፣ ብዙ ጊዜ፣ በአንድ እጅ መዳፍ ውስጥ የሚያዝ ስድስት ድቡልቡል ነገር ነው።

አዊ የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር የተመለከተ ሰው፣ ፈረስ ማለት ለዚህ ሕዝብ ምን እንደ ሆነ ሌላ አስረጂ አያሻውም። ታዲያ የፈረስ ነገር የሚያውቅ ሰው የስኩተርን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ፈረስ በሜዳ ላይ ርምጃውን ያስረዝማል፤ ዳገት ሲገጥመው ግን ያሳጥርና ያበዛዋል። አስተዋይ ፈረሰኛም በዳገት ላይ ረጅም ርምጃ አይጠይቀውም። በስኩተሯ ላይ የሚደርሰው ግፍ ይኸው ነው፤ ዳገቱን በረጅም ርምጃ እንድትወጣው ትገደዳለች።

መጀመሪያ ስለ አየሩ ጥቂት እንበል። የእንጅባራ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,560 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ዳንግላ 2,137 ሜትር ያህል ስትሆን፣ ወደ ምዕራብ ቊልቊል የምትገኘው ቻግኒ ከ1,600 ሜትር አትበልጥም። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይበላም፤ አብሮ የሚበላው አየር ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። በእንጅባራ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ዳርቻ ከሚመዝነው 78 በመቶ ያህሉን ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ላይ 8 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ባለ 125 ሲሲ ሞተር እንጅባራ ሲደርስ 6 ከጥቂት ይቀረዋል። ሁለቱ ፈረሶች በመንገድ ቀሩ ማለት ነው! ይህ የፋብሪካውም የመካኒኩም ጥፋት አይደለም። ሆኖም ፋብሪካው ስኩተሯን ሲያዘጋጅ፣ ገዢው ከሞላ ጎደል ሜዳማ በሆነና ከባሕር ብዙም በማይርቅ ከተማ ውስጥ የሚኖር አድርጎ አስቦታል። የእስያ ታላላቅ ከተሞች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ ስኩተሮቹም በብዛት የሚመጡት ከዚያው ነው።

አሁን ሒሳቡን በቀላሉ እንመልከተው። አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ግራም ክብደት በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚበቃ ኃይል ነው። ስኩተሯ 110 ኪሎ፣ ሁለቱ ሰዎች 130 ኪሎ፣ ሻንጣው 10 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 250 ኪሎ ይሆናል። በየመቶ ሜትሩ 8 ሜትር በሚነሣ ዳገት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፣ በየሴኮንዱ 89 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይነሣሉ። ይህም 250 ጊዜ 0.89፣ ለ75 ሲካፈል፣ ወደ 3 የፈረስ ጉልበት ይመጣል። ነፋሱን ለመሰንጠቅና የጎማውን መጎተት ለማሸነፍ አንድ ያህል ይጨመርበት፤ 4 ሆነ። ቺንጋው ራሱ በመታጠፍና በመጋል ከሚቀበለው ኃይል አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ ከፍ የሚለውን ስለሚበላ፣ ሞተሩ 5.2 ያህል መስጠት ይኖርበታል።

አንባቢው «እንግዲያውስ ስድስት ካለው ይበቃዋል» ሊል ይችላል። ነገር ግን ያ ስድስት የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ዙር ገደማ ሲዞር ነው። በ5,000 ዙር የሚገኘው ወደ 5 ብቻ ነው። ስኩተሯ እንደ ፋብሪካው ልክ ዳገቱ ላይ በ5,000 ዙር የምትያዝ ከሆነ ለጥቂት ይጎድላታል፤ ስለ ጎደላትም ፍጥነቷን እየቀነሰች ትወርዳለች። በ5,500 ዙር ብትያዝ ግን 5.5 ያህል ታገኛለች፤ ተርፎም ይመለሳል። እንግዲህ የሚፈለገው ከዚህ የማይበልጥ ግማሽ ፈረስ ነው። እርሱም ከሌላ ቦታ አይገዛም፤ በሞተሩ ውስጥ ያለ ነው።

ይህን ለማድረግ የሥራውን አካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ድሮ በአዲስ አበባና በአሥመራ ጎዳናዎች የታወቀችው የኢጣልያዋ ቬስፓ በ1938 ዓ.ም. ስትወጣ ማርሿ በግራ እጅ የሚጠመዘዝ ነበር። ያለ ማርሽ በቺንጋ ብቻ መሄድን በአውቶሞቢል ላይ አሠርቶ በሰፊው ያስፋፋው የሆላንዱ ዳፍ ፋብሪካ ነው፤ በ1950 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ ባሳየው ትንሽ መኪና። ኋላ የጃፓን፣ የታይዋን፣ የቻይናና የህንድ ፋብሪካዎች ይህንኑ አሳብ አሳንሰው በስኩተር ጎን ላይ አስቀመጡት። በባለ ሦስት እግሩ ባጃጅና በአብዛኞቹ የመስክ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የለም፤ እነዚያ ማርሻቸው በእጅ ወይም በእግር የሚለወጥ ነው። በባትሪ የምትሄደው ስኩተርም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ሞተሯ እጎማዋ ውስጥ ስለ ሆነ ይህ ሐተታ አይመለከታትም።

በስኩተሯ ግራ በኩል ያለው ረጅም ክዳን ሲከፈት ሁለት ፑሌጃዎች ይታያሉ፤ አንዱ ከፊት በሞተሩ ዘንግ ላይ፣ ሁለተኛው ከኋላ በጎማው አጠገብ። በሁለቱ መካከል ጥርስ ያለው ወፍራም የጎማ ቺንጋ ተዘርግቷል። እያንዳንዱ ፑሌጃ ጀርባ ለጀርባ እንደ ተያያዙ ሁለት ሳሕኖች ነው። ሳሕኖቹ ሲራራቁ ቺንጋው በመካከላቸው ወደ ዘንጉ ይሰምጣል፤ ሲቀራረቡ ግን ተጨምቆ ወደ ጠርዛቸው ይወጣል። ከፊት ሰምጦ ከኋላ ጠርዝ ላይ ሲሆን እንደ አንደኛ ማርሽ ነው፤ ከፊት ወጥቶ ከኋላ ሲሰምጥ እንደ መጨረሻው ማርሽ። በሁለቱ መካከል ስፍር ቊጥር የሌለው ማርሽ አለ ማለት ይቻላል።

ሳሕኖቹን የሚያቀራርባቸው ምንድን ነው? ከፊተኛው ፑሌጃ ጀርባ ቫሪያተር የሚባለው ክፍል አለ፤ በውስጡም በስድስት ዘንበል ያሉ ቦዮች ላይ ስድስት ሮለሮች ተቀምጠዋል። ሞተሩ በፈጠነ ቊጥር ሮለሮቹ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወደ ውጭ ለመሸሽ ይሞክራሉ። የሚሸሹበት ቦይ ደግሞ ተዳፋት ስለ ሆነ ሳሕኑን ይገፉታል። ከኋላ በኩል አንድ ትልቅ ሞላ የኋለኛውን ፑሌጃ ሳሕኖች አጥብቆ ይዟል፤ እርሱም «አትውሰደው» እያለ ቺንጋውን ወደ ራሱ ይጎትታል። ስለዚህ የስኩተሯ ማርሽ ማለት በሮለሮቹና በሞላው መካከል ያለማቋረጥ የሚካሄድ ጉተታ ነው። ከኋለኛው ፑሌጃ ላይ ጠመዝማዛ ቦይም ተቀርጿል፤ ጎማው ዳገት ሲከብደው በዚያ ቦይ ምክንያት ሳሕኖቹ ይበልጥ ይጠብቃሉ፤ ማርሹም ራሱ ይወርዳል። ይህን ያሰበ ሰው ብልኅ ነበር።

ስኩተሯ ከቆመችበት ስትነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ፍሪሲዮኑ ነው፤ እርሱ የመነሻ ጉዳይ ነው። ፍጥነቷ በመጨረሻ ሲደርስ ደግሞ ቺንጋው የሚወጣበትን ያህል ወጥቶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል፣ ከ20 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት፣ አስደናቂ ነገር ይታያል፤ ስኩተሯ እየፈጠነች የሞተሩ ዙር ግን አይለወጥም ማለት ይቻላል። ድምፁ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆያል። ይህ የሚቆይበት ዙር ነው የስኩተሯን መካከለኛ ጉልበት የሚወስነው፤ ከዳንግላ እንጅባራ ያለው መንገድም የሚሄዱት በዚሁ ፍጥነት ነው።

እንግዲህ ይህን ዙር ከፍ ለማድረግ ሮለሮቹን ማቅለል ነው። ቀለል ያለ ሮለር ሳሕኑን በዚያው ኃይል ለመግፋት ይበልጥ መዞር ይኖርበታል። በትምህርት ቤት የተማርነው ሕግ እንደሚለው የሚሸሸው ኃይል በክብደቱ ልክ፣ በዙሩ ግን በካሬው ያድጋል። ስለዚህ ሮለሮቹ እያንዳንዳቸው 12 ግራም ቢሆኑና በ10 ግራም ቢለወጡ፣ 12 ለ10 ተካፍሎ 1.2 ይሆናል፤ የዚህ ካሬ ሥር 1.095 ነው። ዙሩም ከ5,000 ወደ 5,480 ገደማ ከፍ ይላል። ከላይ የፈለግነው ግማሽ ፈረስ ተገኘ። ወደ 9 ግራም ቢወርድ 5,770 ይደርሳል። ሞላውና ጠመዝማዛው ቦይ ስላሉ በተግባር ሒሳቡ ትንሽ ይዛነፋል፤ ለመነሻ ግን ይበቃል።

አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያውስ 6 ግራም እናድርገው» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሮለሩ ከመጠን በላይ ከቀለለ ቺንጋውን ወደ መጨረሻው ማድረስ አይችልም፤ ሞተሩ በሜዳም ላይ ያለ ዕረፍት ይጮኻል፣ ቤንዚኑ ያልቃል፣ ከባሕር ዳር መንገድ ላይም ፍጥነቱ ይጎድላል። ለእንጅባራና ለዳንግላ ነዋሪ ከፋብሪካው ክብደት አንድ ስድስተኛ ያህል መቀነስ ጥሩ መነሻ ይመስለኛል። ሁልጊዜ ብቻውን የሚጋልብ ከዚያም ያነሰ ቢቀንስ ይበቃዋል።

ሮለሮቹን ለማግኘት መጀመሪያ የራስን መለካት ያስፈልጋል። ስፋታቸውና ቁመታቸው በሚሊ ሜትር ይለካል፤ ለምሳሌ ጂ ዋይ ስድስት በሚባለው የታወቀ ሞተር ላይ ባለ 125ቱ 18 በ14፣ ባለ 50ው 16 በ13 ነው። ቺንጋውም ላይ «743 20 30» ዓይነት ቊጥር ተጽፎ ይገኛል፤ የመጀመሪያው ርዝመቱ፣ ሁለተኛው ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ሦስተኛው የጎኑ ማዕዘን ነው። ይህን ቊጥር ሳይዙ ወደ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው መላክ ገንዘብ መጣል ነው። ክብደቱን ግን ሻጭ በነገረው ብቻ ማመን አይገባም። ግራም የሚለይ ሚዛን ያለው የከተማችን ወርቅ ሠሪ ነው። ስድስት የሞተር ሮለር ይዘው ሲገቡ መጀመሪያ ይስቅ ይሆናል፤ ይመዝንላቸዋል ግን። ስድስቱ እኩል መሆን አለባቸው። የሚፈለገው ክብደት ካልተገኘ ሦስት ባለ 11፣ ሦስት ባለ 9 ተገዝተው አንዱን ከባድ አንዱን ቀላል እያፈራረቁ ቢያስቀምጧቸው 10 እንደ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ ብዙ ሰውም የሚስተው እርሱን ነው። የስኩተሯ ድካም ከአሮጌ ዕቃ የመጣ እንደ ሆነ አዲስ ሮለር አያድናትም። አሮጌውን ሮለር አውጥተው በጠረጴዛ ላይ ያንከባልሉት። በአንድ ጎኑ ጠፍጥፎ ከሆነ እየተንከባለለ ሳይሆን እየተፋቀ ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው፤ ስኩተሯም በመካከለኛ ፍጥነት ላይ የምትንገጫገጨው በዚሁ ምክንያት ነው። የቺንጋውን ስፋት በካሊፐር ይለኩ፤ የሚጣልበትን ልክ የስኩተሯ መመሪያ መጽሐፍ ይናገራል። ጎኑ ከተሰነጠቀ ወይም እንደ መስተዋት ካንጸባረቀ ይለወጥ። ከሳሕኖቹ ላይ ቅባት ካለ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ይጽዱ፤ በደንብም ይድረቁ። የአየር ማጣሪያውን ይመልከቱ። በበጋ የመንገዱ አቧራ፣ በክረምት የእንጅባራ ጭቃ ሁለቱም ወደዚያ ይገባሉ። የጎማውን ነፋስ ያስሞሉ፤ የኋላ ፍሬኑ ይዞ እንደ ሆነ ጎማውን በእጅ አሽከርክሮ ማየት ነው። ፍሬኑ ሲጎትት ኖሮ ሞተሩን የሚወቅስ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ አጋጥሞኛል።

ክዳኑን ሲከፍቱ ውስጡ ያለውን ጥቁር ብናኝ በአፍ አይንፉት፤ ከፍሪሲዮኑ ሽፋን የተፋቀ ስለ ሆነ ለሳንባ አይበጅም። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

የኋለኛውን ሞላስ? እርሱንም በጠንካራ ሞላ መለወጥ ዙሩን ከፍ ያደርጋል፤ ዳገት ሲመጣም ማርሹ ቶሎ እንዲወርድ ይረዳል። ነገር ግን ቺንጋውን በጣም ስለሚጨብጠው ሙቀት ይበዛል፣ ዕድሜውም ያጥራል። እኔ መጀመሪያ ሮለሩን፣ ሮለሩ ካልበቃ ብቻ መጠነኛ ሞላ እላለሁ። በሞላው ቀለም የሚገዙ አሉ፤ ቀለሙ ግን እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ ቢጫው ከሰማያዊው ይጠነክራል ብሎ መናገር አይቻልም። የፍሪሲዮኑ ትናንሽ ሞላዎችም የመነሻ ጉዳይ እንጂ የመካከለኛው ፍጥነት ጉዳይ አይደሉም፤ እነርሱን ለውጦ «ዳገት ላይ ምንም አላገኘሁም» ማለት ዕቃውን አለማወቅ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። ሮለሮቹን መጀመሪያ ጊዜ በለወጥኩ ጊዜ ሁሉንም በትክክል ሠርቼ ነበር፤ ሚዛኑም ልክ፣ ቦዮቹም ንጹሕ። የመጨረሻውን ዳዶ ሳጠብቅ ግን ቺንጋው በፊተኛው ፑሌጃ ሳሕኖች መካከል ተቀርቅሮ ነበር። ዳዶው የጠበቀ መሰለኝ፤ የጠበቀው ግን በቺንጋው ላይ እንጂ በዘንጉ ላይ አልነበረም። ጥቂት ቀን ተጋልባ ቺንጋው ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ላላ፤ የሳሕኑ ቀዳዳም የዘንጉን ጥርስ በላው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ ቅዳም ወዲህ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣ ሞተሩ እየጮኸ ስኩተሯ ግን አልንቀሳቀስ አለች። እየገፋሁ ሄድኩ። ከሮለሩ ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ ወጣ። ስለዚህ አንባቢዬን አደራ የምለው ይህንን ነው፤ የፊቱን ሳሕን ከመግጠምዎ በፊት የኋለኛውን ፑሌጃ ሳሕኖች በሁለት እጅ ፈልቅቀው ቺንጋውን ወደ ውስጥ ያስምጡት። ያን ጊዜ ከፊት በኩል ይላላል፤ ሳሕኑም እስከ ቤቱ ይገባል። ዳዶው ከጠበቀ በኋላም የፊተኛውን ሳሕን በእጅ ሲያዞሩት ቺንጋው ያለ መጨናነቅ መንሸራተት ይኖርበታል። ዳዶውን ለማጥበቅ ሲሉም በሳሕኑ የማራገቢያ ክንፎች መካከል ካቻቢቴ አይሸጉጡ፤ ክንፉ ይሰበራል። መያዣ መሣሪያው በደኅና ጋራዥ ይገኛል። ዋሸሮቹ የነበሩበትን ተራ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ መያዝም አይከፋም።

ከተገጠመ በኋላ መፈተን አለበት፤ ይህም በስሜት ሳይሆን በሰዓት ነው። አንድ የታወቀ ዳገት ይምረጡ፤ ከሥሩ አንድ ምልክት ከላይም አንድ ምልክት ያድርጉ። ከለውጡ በፊትና በኋላ ያው ሰው፣ ያው ጓደኛ፣ ያው ያህል ቤንዚን፣ ነፋስ የሌለበት ጧት ይሁን። ሦስት ሦስት ጊዜ ወጥተው ሴኮንዱን በደብተር ይጻፉ። የሚለወጠውም አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ሮለር፣ ሞላና ማርሚታ በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የቱ እንደ ጠቀመው አያውቅም። ጆሮ ያታልላል። ሞተሩ ይበልጥ ስለ ጮኸ ብቻ የፈጠነ ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜ ደብተሩ ሌላ ይላል። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚማሩትን የፈተና ሥርዓት ከቤተ ሙከራ ውጭ ሊሞክሩበት ቢወዱ ከዚህ የረከሰ መሣሪያ አይገኝም።

ካርቡራቶር ያላት ስኩተር ሌላም ጣጣ አላት። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል። ካንዴላው ሲወጣ ጥቀርሻ ለብሶ ይታያል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል። መካኒኩ የቤንዚኑን መርጫ ቀዳዳ አንድ ደረጃ ጠበብ ባለ ይለውጠዋል፤ ይህም ብቻውን ጥቂት ጉልበት ይመልሳል። ነገር ግን ለእንጅባራ የተጠበበ ቀዳዳ ለቻግኒ አይሆንም። ከከፍታው ወደ ቆላው ሲወርዱ አየሩ ወፈር ስለሚል ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩም ይግላል። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሠራተኛ ቀዳዳውን አብዝቶ ባያጠብ ይሻለዋል። ቤንዚን በኮምፒዩተር የምትረጨዋ አዲሲቱ ስኩተር ይህን ራሷ ታስተካክላለች፤ ሮለሯን ግን ራሷ አታቀልም።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አይገኝም። ዙሩ ከፍ ሲል ቤንዚን ጥቂት ይጨምራል፣ ድምፅም ይበዛል፣ ቺንጋውም ይበልጥ ይሠራል። በመንግሥት ስኩተር የሚሠራ ወጣት ደግሞ ዕቃውን ከመንካቱ በፊት የንብረት ክፍሉን ማስፈቀድ አለበት፤ «ጉልበት ልጨምርላት ብዬ ነው» የሚለው ቃል በንብረት መዝገብ ላይ አይጻፍም። አሮጌዎቹን ሮለሮች በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይገባል።

ከዳገቱ ይልቅ ብዙ ሰው የማያስበው ቊልቊለቱ ነው። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚወርደው መንገድ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳል። ባለ ማርሽ ሞተር ብስክሌት በሁለተኛ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ይይዘዋል። ስኩተሯን ግን ነዳጁን ለቀው ሲወርዱ ሞተሩ የሚይዛት በጥቂቱ ነው፤ ፍጥነቷ በጣም ሲያንስ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይላቀቅና ምንም የሚይዛት አይኖርም። ሮለሩ ሲቀልል ይህ መያዝ በመጠኑ ይሻሻላል እንጂ ፍሬንን አይተካም። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ፈጽሞ አይገባም፤ ቤንዚን ለመቈጠብ ብለው ይህን የሚያደርጉ አሉ። ሁለቱንም ፍሬኖች በየተራ፣ አጠር አጠር አድርጎ መያዝና መልቀቅ ይሻላል፤ ሳያቋርጥ የተያዘ ፍሬን ይግላል፣ የጋለ ፍሬንም አይዝም። ከኋላ ሰው ሲኖር ከመታጠፊያው በፊት እንጂ በመታጠፊያው ላይ አይያዝ።

አዲሶቹ ሮለሮች ከገቡ በኋላ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ክዳኑን እንደ ገና ይክፈቱ። የፊቱን ዳዶ ይመልከቱ፤ የሮለሮቹን ጎን በጣት ይዳብሱ፤ ቺንጋው የረገፈ ጥቁር ዱቄት አብዝቶ እንደ ሆነ ይጥረጉ። ክዳኑን ሲዘጉ ጋስኬቱ በትክክል መቀመጡን አይርሱ፤ የእንጅባራ ክረምት ረጅም ነው፣ ውኃ የገባበት ቺንጋም ዳገቱ መካከል ሲደርስ ይንሸራተታል።